አሁን ከማን ጋር ነሽ?

የኔ ሥራ ሰው አለማመን ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው። አሜሪካ፣ ደንቨር ውስጥ፣ ሎውሪ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ የባንክ ቢሮ፣ የማጭበርበር ጉዳይ ክፍል ስልክ ተቀባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው የተታለሉ ሰዎችን ታሪክ ነው። ጡረታቸውን ዓይተውት ለማያውቁት ሰው የላኩ ሽማግሌ፣ «ልጅሽ መኪና ተጋጭቷል» ተብላ የሒሳብ ቁጥሯን የሰጠች እናት፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይሉኛል። «ሰውየው እኮ በጣም ትሑት ነበር።» ባለጌ አጭበርባሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሥራው ደግሞ ቤት ድረስ ይከተላል። እዚያው አቅራቢያ፣ ግሌንዴል ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ብቻዬን ነው የምኖረው። በሬ ከተንኳኳ በቀዳዳው አያለሁ፤ የማላውቀው ሰው ከሆነ ትንፋሼን ውጬ እቆማለሁ። የማኅበራችን ሴቶች «ሂሩት ጥላዋንም መታወቂያ ትጠይቃለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከመካከላቸው አንድም ቀን ያልተበላች እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውጭ የማደርገው አንድ ሰው ነበር፤ ወንድሜ ሚኪያስ። ወንድም ይባል እንጂ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አክስቴ ጋ ተውኩት፤ ላመጣው ብዙ ሞከርኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ መጠበቅ ሰልችቶት እንደ ጓደኞቹ በሱዳን በኩል ወጣ። ሊቢያ የያዙት ደላሎች በስልክ ሲያስጮሁት ሰምቻለሁ፤ ያንን ለማንም አላወራም። ጣሊያንን አልፎ ፈረንሳይ ደረሰ። ከባሕሩ ጠረፍ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ዕለት ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

«እማሆይ፣ አየሩ ጥሩ ከሆነ በዚህ ሰሞን እንሻገራለን። እንግሊዝ ስገባ መጀመሪያ ላንቺ ነው የምደውለው።»

እማሆይ የሚለኝ አላገባ፣ አልስቅ ስላልኩ ነው። በሰው ፊት ግን አይጠራኝም፤ የሁለታችን ነበር።

«ጃኬት አለህ?» አልኩት።

«አለኝ። አንቺ ደግሞ፣ ባሕሩን ትቶ ጃኬት!»

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ ዝግ ሆነ። ቀናት አለፉ፣ ሳምንትም አለፈ። ለራሴ፣ ስልኩ ባሕር ውስጥ ወድቆበት ነው እላለሁ፤ ሲም ካርድ አላገኘ ይሆናል እላለሁ። ሥራዬ ሰው አለማመን ነው ብያችኋለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ራሴን ያለ ማስረጃ አምን ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ከእንግሊዝ አገር ቁጥር ተደወለ። አነሳሁት።

«ሂሩት ነሽ?» የማላውቀው ወጣት ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ትሑት።

«ማን ልበል?»

«ተመስገን እባላለሁ። የሚኪያስ ጓደኛ ነኝ።»

«ሚኪያስ የት ነው?»

«እ... እህቴ፣ መኪና እየነዳሽ ነው?»

«ሚኪያስ የት ነው አልኩህ!»

«እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ነው ያለው። ትንሽ ከተማ ናት፣ ከባሕሩ ጠረፍ። አሁን ከማን ጋር ነሽ?»

ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የምንማረው ይህን ነው፤ የሚታለለውን ሰው ከሌሎች መነጠል። «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የማታውቁት ሰው ሲያጋጥማችሁ ስልኩን ዝጉ ብዬ በቀን ስንቴ እመክራለሁ!

«ከማን ጋር ብሆን ምን አገባህ?»

«አይ፣ እንዲያው... ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ባለቤትሽ ወይም አንድ ትልቅ ሰው ካሉ የሳቸውን ስልክ ብትሰጪኝ...»

ዘጋሁበት። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ዘመዶቼን! እንዲህ ያለ የተጠና ነገር በአማርኛ ሲመጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱም መኪናዬ ውስጥ ሳለሁ ደግሞ ደወለ። አሁን ተዘጋጅቼ ነበር።

«ስልኩን ለሚኪያስ ስጠው።»

«አሁን አይችልም፣ እህቴ።»

«ፎቶውን ላክልኝ።»

«ፎቶ አልልክም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔን ምን ብሎ ነው የሚጠራኝ? ጓደኛው ከሆንክ ንገረኝ።»

«እማሆይ» አለ።

መሪውን ግጥም አድርጌ ያዝኩት። ይህ ሰው ሚኪያስን ያውቀዋል። ወይ ጓደኛው ነው፣ ወይ ደግሞ ደብድቦ ያናገረው ሰው ነው። የሊቢያው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

«ስንት ነው የምትፈልጉት?» አልኩት።

«እኔ ምንም አልፈልግም። ንስሐ አባትሽን ብታገናኚኝ፣ ካልሆነም አንድ የሚቀርብሽ ሰው ይዘሽ እዚህ ብትመጪ...»

ገንዘብ አለመጠየቁ የባሰ አስፈራኝ። ገንዘብ የማይጠይቅ አጭበርባሪ ገና ያልጠየቀ ነው።

ማንን ላማክር? ለፖሊስ ምን እላለሁ? ሃቫና ስትሪት ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው ከመጡት ከቀደሙት ናቸው፤ ደንቨር ውስጥ የአበሻ ሱቅ ሳይኖር ነው የመጡት። ለኔ እንደ ታላቅ እህት ናቸው። ሱቃቸውን በፋሲካ ማግስት እንኳ የማይዘጉ፣ ልጃቸው ናቲ «ማሚ፣ ቫኬሽን የሚባል ነገር አለ» እያለ የሚያሾፍባቸው ሴት ናቸው። የሄድኩት እንዲያጽናኑኝ አልነበረም። «ልክ ነሽ፣ ሌባ ነው» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እየሰሙኝ ሚጥሚጣ በፕላስቲክ ይቋጥሩ ነበር። «ከዚያ፣ አሁን ከማን ጋር ነሽ አይለኝም!» ስል እጃቸው ቆመ።

«እንዲያ አለሽ?»

«አዎ! ደግሞ መኪና እየነዳሽ ነው ወይ ይለኛል። ስካም ነው አይደል፣ እትዬ?»

አላዩኝም። ሚጥሚጣውን በጣም ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ቁጥሩን ስጪኝ» አሉኝና ወደ ሱቁ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉት። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ማቀዝቀዣው እየጮኸ ምንም አላሰማ አለኝ። ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበው ነበር።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉኝ። «እንሂድ።»

«እንሂድ ማለት?»

«አብሬሽ ነዋ የምሄደው። ከሥራ ኦፍ ጠይቂ። ቲኬቱን ናቲ ይቆርጥልናል።»

«እትዬ፣ ምን አለዎት? ሚኪያስ ደኅና ነው?»

«ወንድምሽ እዚያው ከተማ ነው ያለው» አሉ።

ልብ በሉ፤ «እዚያው ነው» አሉ እንጂ «ደኅና ነው» አላሉም። እኔ ይህን አላለፍኩትም። ጎበዝ አታላይ አይዋሽም፤ እውነቱን ቆንጥሮ ነው የሚሰጣችሁ። እትዬ አስካለን አታልለዋቸዋል፣ ወይም ደግሞ ሚኪያስ ታሞ፣ ቆስሎ፣ ተይዞ ነውና ሊነግሩኝ ፈርተዋል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ወዲያ አሳቤ አልሄድ አለ። ሲመስለኝ እኔ ነኝ እንዳይሄድ የያዝኩት።

ናቲ ወደ አየር ማረፊያ ሲወስደን እንደ ወትሮው ሙዚቃ አልከፈተም። ሻንጣዬን አውርዶ አቀፈኝ፤ ቶሎም አልለቀቀኝም።

«አንቲ፣ አር ዩ ኦኬ? ዩ ኖው፣ ትንሽ ነገር ብዪ፣ ኦኬ?»

ይህ ልጅ ሰላም ሲለኝ እንኳ ከስልኩ ላይ ዓይኑን የማያነሳ ልጅ ነው። እንግዲህ እሱም ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። አውሮፕላኑ ላይ እትዬ አስካለ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው እንደ ሕፃን ሲያጎርሱኝ ነበር። «አንድ ጉርሻ ብቻ። አቅም ያስፈልግሻል።» አቅም ለምን? ብዬ ብጠይቅ «መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ።

ከለንደን የተሳፈርንባት ባቡር አጭርና ባዶ ነበረች። በግና አጥር፣ በግና አጥር እያየን ተጓዝን። እትዬ አስካለ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ስልካቸውን ወንበሩ ላይ ትተውት ስለነበር መልእክት ሲገባ በራ። የተመስገን ቁጥር ነው። «ሁሉም ተዘጋጅቷል። ሰዎቹም ዝግጁ ናቸው። እንደተነጋገርነው ነገ ጠዋት ይሁን።»

ሰዎቹ? የትኞቹ ሰዎች? ሲመለሱ ስልኩን ወደሳቸው ገፋሁት።

«ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ እትዬ?»

እትዬ አስካለ ተቀመጡ። እጄን ያዙ። «ልጄ፣ አንድ ቀን ብቻ እመኚኝ።»

«ማመን አልችልበትም፤ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህ ነው የምለምንሽ።»

ከተማዋ ትንሽ ናት። ከጣቢያው ስንወጣ ባሕሩ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል። የጣቢያው ጣሪያ ላይ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች እንደ ሕፃን ይጮኻሉ። አሸዋ የለም፤ ዳርቻው በሙሉ ጠጠር ነው። በጠጠሩ ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ፣ የዶሮ ቤት የሚያካክሉ የእንጨት ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ አረጋውያኑ በየደጃፋቸው ወንበር ዘርግተው ብርድ ልብስ ለብሰው ባሕሩን ያያሉ። ከየምግብ ቤቱ የዓሣ ጥብስና የኮምጣጤ ሽታ ይመጣል። ሰው የሚዝናናበት ቦታ ነው። ለኔ ግን እያንዳንዱ መስኮት ሚኪያስን የደበቀ ይመስለኝ ነበር።

ያረፍንባት የእንግዳ ማረፊያ እንደገባን እትዬ አስካለ፣ «ዛሬ እረፊ፤ ነገ ጠዋት እንሄዳለን» ብለው አልጋ ላይ ጋደም አሉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።

በባሕሩ ዳር ስሄድ ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ «ዩ ኦልራይት?» አለኝ፤ ደኅና ነሽ ወይ እንደማለት።

«ለምን ጠየቅከኝ?» አልኩት ቱግ ብዬ።

ሰውየው ደነገጠ። ውሻውም ደነገጠ። በኋላ ሲነግሩኝ ሰላምታቸው ነው አሉ፤ እኛ አገር፣ አሜሪካ ማለቴ ነው፣ እንዲህ የምትባሉት ልትወድቁ ስትሉ ነው። እዚህ አገር ባሕር የተሻገሩትን ስደተኞች ሆቴል እንደሚያሳርፏቸው ሰምቼ ነበርና፣ ሆቴላቸው የት እንደሆነ ጠየቅኩት። በጣቱ አሳየኝ፤ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ፣ ስሙ ከግንባሩ ላይ የተነቀለ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ልጠጋ ስል ግን ከሆቴሉ ጎን ካለች ትንሽ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አማርኛ ሰማሁ። መስኮቷ ክፍት ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ አጮልቄ አየሁ።

ውስጥ ጥቂት የኛ ልጆች አሉ፤ ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም የተሰጣቸውን የማይመጥን ልብስ የለበሱ። አንዲት ሽበታም እንግሊዛዊት አብራቸው ነበረች፤ ስሟ ጄን እንደሆነ በኋላ አወቅኩ፤ አዳራሹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጄን ወንበሮቹን እንደ ስብሰባ ፊትና ኋላ አድርጋ ደርድራቸዋለች። አንድ ረጅም ልጅ ደግሞ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ግድግዳው ይወስዳቸዋል። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ግራ ተጋብታ አየችው። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ እሷም ወንበር አንስታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

ወንበር በግድግዳ ዙሪያ። ማኅበር ላይም እንዲሁ ነው የሚደረደረው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለቅጽበት ለራሴ እንደዚያ አልኩ። ነገር ግን ማኅበር ላይ ፍራሽ መሬት ላይ አይነጠፍም። ሁለት ልጆች ፍራሽ ተሸክመው ገቡ።

«እዚህ ጋ አንጥፉት» አለ ረጅሙ ልጅ። ድምፁን ለየሁት፤ ተመስገን ነው። «በሩ አጠገብ አይሁን፤ ሮጣ እንዳትወጣ። ውኃ አቅርቡ። ፊቷን የምታጥብበት።»

አንዱ፣ «ለምን አንተ ትናገራለህ? ዲያቆኑ ይናገር፤ አንተ አትችልም» አለው።

«አይሆንም። ለሱ ቃል ገብቼለታለሁ።»

ተመስገን አዳራሹ መሐል ቆመ። ባዶውን ፍራሽ እያየ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። እንደገና ሞከረ። ጓደኛው ትከሻውን ያዘው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። መኪና እየነዳሽ ነው? ከማን ጋር ነሽ? አንድ ትልቅ ሰው የለም? ይህ የሌባ ጥያቄ አይደለም። ይህ መርዶ ነጋሪ የሚጠይቀው ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ በስልክ እንዳይሰማ፣ እየነዳ እንዳይሰማ። አገሬ ሳለሁ ስንት ቤት ሲነገር አይቻለሁ፤ ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ አብሬ ቆሜ አውቃለሁ። እንዴት ጠፋኝ? ያ ልጅ በማያውቀው አገር ሆኖ ለኔ ሰው እየፈለገልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሌባ ነው ብዬ ዘጋሁበት።

በሩን በርግጄ ልገባ እጄን ዘርግቼ ነበር። «ንገረኝ! አውቄያለሁ!» ልለው። አንድ ነገር ሲደበቅብኝ ገልጬ ሳላጋልጥ አድሬ አላውቅም። ነገር ግን ያንን ፍራሽ አየሁ። ቤት የሌላቸው ልጆች የለቅሶ ቤት ሠርተውልኛል። አሁን ከገባሁ፣ ወንድሜ ያለ መርዶ እንደሞተ ይቆጠራል፤ እንደ ውሻ። እጄን መለስኩ።

ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት፤ ድምፄን አዳራሹ እንዳይሰማ። ውኃውን ጠላሁት። እዚያ ውኃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው የሚስቁትን ሕፃናት ሳይቀር ጠላኋቸው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

እትዬ አስካለ ነቅተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «የት ሄድሽ?»

«ነፋስ ልቀበል ወጥቼ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እራት ሲያቀርቡልኝ በላሁ፤ አቅም እንደሚያስፈልገኝ አሁን አውቄያለሁ።

ማለዳ ላይ ቀሰቀሱኝ፤ እንቅልፍ የወሰደኝ አስመስዬ ነበር የተኛሁት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል፤ ከሥሩ ጥቁር ልብስ እንዳለ አላጣሁትም። በጸጥታ ሄድን። ወደ አዳራሹ ስንገባ በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ብድግ አሉ። ልጆቹ፣ ኤርትራዊው ዲያቆን፣ ጄን፣ ሌሎች ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች። ሴቶቹ ነጠላ እንኳ ባይኖራቸው ሻርፓቸውን ተከናንበዋል። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ከበሩ ራቅ ብሎ።

ተመስገን ፊቴ መጥቶ ተንበረከከ። እኔ ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ በርታ ልለው ነበር የፈለግኩት።

«እህቴ» አለ፤ «ሚኪያስ... አብረን ነበር የተሳፈርነው። ጀልባዋ መሐል ላይ ተነፈሰች። የእንግሊዝ መርከብ ሲደርስልን እሱ ብዙ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ነበር። እስከዚህ ከተማ ድረስ በሕይወት መጥቷል። ሆስፒታል አብሬው ነበርኩ። እጁን ይዤው ነበር። ብቻውን አልሞተም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

አውቄ የገባሁ መስሎኝ ነበር። አላውቅም ነበር። ቃሉ በሰው አፍ እስኪነገር ድረስ ለካ አንድ ጥግ ላይ ወንድሜን በሕይወት ደብቄው ነበር። ጮኽኩ። ደረቴን መታሁ። «ወንድሜ! ልጄ!» እያልኩ ተነሳሁ፤ ያዙኝ። ስሮጥ ያዙኝ፣ ስወድቅ ያዙኝ። እትዬ አስካለ «አልቅሺ፣ አልቅሺ ልጄ» እያሉ አብረውኝ አለቀሱ። ጄን በጎን አቀፈችኝ፤ የምትለውን አላስታውስም።

ሲበርድልኝ ውኃ አመጡልኝ። ንፍሮም ነበር፤ ሆቴል ውስጥ ማብሰል ስለማይፈቀድ ጄን ቤቷ የቀቀለችው የገብስ ንፍሮ ነው፤ ቅቤ አድርጋበታለች። ማንም ቅቤ አይደረግበትም አላላትም።

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። «እዚያው ደንቨር ብነግርሽ አውሮፕላን ላይ የሚያወጣሽ እግር አይኖርሽም ነበር። ወንድምሽ ደግሞ ያለ ዘመድ ሊቀበር ነው። ተመስገን ነው 'እህቱን ሳናመጣ አይቀበርም' ብሎ የለመናቸው፤ ጄን ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ዞራለታለች። እኔ ወሰንኩ። አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር በዪኝ።»

አላጠፉም። በማግስቱ ኮረብታው ላይ፣ ባሕሩ ከሚታይበት የከተማዋ መቃብር ቀበርነው። ዲያቆኑ የሚችለውን ያህል ጸለየ። ያ ባለ ውሻው ሽማግሌ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ማን እንደነገረው አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ፍጹም ተለወጥኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ባንኩ ውስጥ ነኝ፤ ዛሬም በሬን በቀዳዳው አያለሁ፤ እናንተንም ስልክ ላይ ቁጥራችሁን የሚጠይቃችሁ ካለ ዝጉበት እላለሁ። ግን አንድ ነገር አደረግኩ። አገር ቤት ላሉት ዘመዶቼ በሙሉ ደውዬ የእትዬ አስካለን ስልክ አስያዝኳቸው። «ለኔ የሚነገር ክፉ ነገር ሲኖር ለኔ ሳይሆን ለሳቸው ደውሉ» አልኳቸው። በዚህ አገር ስንቶቻችን የአባታችንን ሞት ፌስቡክ ላይ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት፣ ሳንድዊች በእጃችን ይዘን እናነባለን! እናንተስ? በእናንተ ፈንታ የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ከሌላችሁ ዛሬውኑ ፈልጉ። እኔ ለብዙ ዓመት ማንም አይጠጋኝ ብዬ ስኖር፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን በሬን እንደሚያንኳኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያኔ ከቀብሩ መልስ ከተመስገን ጋር ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን። ቃል ገብቼለታለሁ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከመሳፈራችን በፊት ቁጥር ተለዋወጥን» አለኝ። «እኔ ያንቺን በቃሌ ያዝኩ፣ እሱ የእናቴን። ከሁለታችን የደረሰ ለሌላው ቤት እንዲናገር።»

«እናትህ መድረስህን ሰምተው ምን አሉ?»

አንድ ጠጠር አንስቶ ወደ ውኃው ወረወረ። «አልደወልኩላትም። የሱን ሳላደርስ የኔን ደስታ እንዴት አደርሳለሁ?»

ይህን ሁሉ ሳምንት! እናቱ ልጃቸው ባሕር በልቶት ይሆን እያሉ ተቀምጠዋል። «ቁጥሩን ንገረኝ» አልኩት። «ሚኪያስ ነበር መደወል የነበረበት። አሁን የኔ ነው።»

በቃሉ ነገረኝ፤ ደወልኩ። ሴትዮዋ አነሱ። ከውጭ አገር የማያውቁት የሴት ድምፅ ሲሰሙ ትንፋሻቸው ተቋረጠ።

«ቆዪ ልጄ» አሉኝ በቀጭን ድምፅ፤ «መጀመሪያ ልቀመጥ።»

«አይቀመጡ፣ እማማ! አይቀመጡ! ተመስገን ደኅና ደርሷል! እነሆ አጠገቤ ነው!»

ከዚያ እልልታቸው ከስልኩ ውስጥ ፈነዳ። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደተገኘ እንኳ ሳይጠይቁ ከየቤታቸው ተቀበሏቸው። ተመስገን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ባሕሩ ዳር የተቀመጡት አረጋውያን ዞር ብለው አዩን። እኔም ከነጥቁር ልብሴ ተነሳሁና፣ ስለ ወንድሜ ስል፣ እልል አልኩ።